ማካሳርን ለመጎብኘት፦ ነፋሱን፣ ድንጋዩንና ሰዓቱን ማወቅ

ማካሳር የኢንዶኔዥያዋ የደቡብ ሱላዌሲ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። በ2020 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዎቿ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከ1971 እስከ 1999 ስሟ ኡጁንግ ፓንዳንግ ስለነበር አሮጌ ካርታ የያዘ ሰው በዚያ ስም ያገኛታል። አብዛኛው ተጓዥ የሚያውቃት አውሮፕላን ሲቀይር ወይም ወደ ቶራጃ ተራሮች በሌሊት አውቶቡስ ሲሳፈር ነው። አንድ ሌሊት አድሮ ይሄዳል፣ ያየው ነገር ቢኖር የትራፊክ መጨናነቅና ሙቀት ነው። ይህ በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ከከተማዋ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በማይሞላ ርቀት ላይ የሰው ልጅ ከሣላቸው እስካሁን ከታወቁ እጅግ ጥንታዊ ሥዕሎች መካከል የሚቆጠሩ አሉ።

ከተማዋ ሰውን የምታደናግረው መስህቦቿ ተበታትነው ስለሚገኙና አንዱ ከሌላው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ወዲያው ስለማይታይ ነው። ምሽጉ፣ የእንጨት መርከቦቹ፣ ደሴቶቹ፣ የድንጋይ ማማዎቹ የየራሳቸው ነገር ይመስላሉ። ሁለት ነገር የገባው ሰው ግን ሁሉንም በቦታ በቦታው ያስቀምጣቸዋል። አንደኛው በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫውን የሚገለብጠው ነፋስ ነው። ሁለተኛው ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ የቆመው የኖራ ድንጋይ ነው። መቼ መሄድ እንዳለብዎ፣ የትኛውን በየትኛው ሰዓት ማየት እንዳለብዎ የሚወስኑትም እነዚሁ ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት፦ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የማካሳር ሰው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ አውሮፓውያኑ ስለሆነ ጀልባ ወይም መኪና ሲቀጥሩ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ያስታውሱ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በ5 ሰዓት፣ ከጃካርታ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። በጃካርታ በኩል የገባ ሰው የእጅ ሰዓቱን ሳያስተካክል ቀርቶ የመልስ በረራው ሊያመልጠው ይችላል።

ነፋሱ

ማካሳር ከምድር ወገብ በስተደቡብ 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ሆና ፊቷን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ አዙራለች። ከጀርባዋ በስተምሥራቅ ከፍተኛ ተራሮች አሉ። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይነሣል። የጃቫን ባሕር ሲያቋርጥ እርጥበት ይጠጣል፣ ተራሮቹ ላይ ሲደርስ ይገታል፣ ያዘለውንም ሁሉ ከተማዋና ጎረቤቷ ማሮስ ላይ ያራግፈዋል። በጃንዋሪ ጎዳናዎች በጎርፍ ይሞላሉ፣ ባሕሩ ይናወጣል፣ ትንንሽ ጀልባዎች ከወደብ አይወጡም። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ ነፋሱ ከአውስትራሊያ በኩል ደርቆ ይመጣል። ተራሮቹ ከምሥራቅ የሚመጣውን ዝናብ ስለሚከለክሉ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይሰነብታል።

እንግዲህ የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለማካሳር የተመቹ ናቸው፤ በገናና በጥምቀት ሰሞን የሄደ ሰው ግን ከዝናቡ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ይታከል፦ ማካሳር ያለችበት ልሳነ ምድር ምሥራቃዊ ዳርቻ ወቅቱ የተገላቢጦሽ ነው። ዋናው ዝናቡ የሚጥለው በአፕሪልና በጁላይ መካከል ነው። ማካሳር ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ በዚያ ዳርቻ ወዳለችው ቦኔ የተሻገረ መንገደኛ በዝናብ ቢመታ አይደነቅ።

ከተማዋን ሀብታም ያደረጋት ይኸው የነፋስ መገላበጥ ነው። በሞተር በማይሠራ መርከብ ዘመን ነጋዴ በምዕራቡ ነፋስ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቅርንፉድና ገውዝ ደሴቶች ይጓዝና ነፋሱ እስኪዞር ጠብቆ ይመለስ ነበር። ማካሳር በዚያ መንገድ መካከል ላይ ነበረች። ከዚህችው ወደብ የሚነሡ መርከበኞች በዲሴምበር አካባቢ ወደ ሰሜን አውስትራሊያ ዳርቻ ተጉዘው የባሕር ኪያር ይለቅሙ፣ ያደርቁና በደረቁ ነፋስ ተመልሰው ለቻይና ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር። አውሮፓውያን አውስትራሊያ ላይ ከመስፈራቸው በፊት የተጀመረው ይህ ጉዞ የቆመው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ፣ በ1907 ነው።

ምሽጉና የባሕሩ ዳርቻ

ፎርት ሮተርዳም በከተማዋ መሀል፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ይገኛል። ስሙ የሆላንዶች ይሁን እንጂ ቦታው የጎዋ ነገሥታት ምሽግ ነበር፤ የመጀመሪያው በ1545 እንደተሠራ ይነገራል። ጎዋና ታሎ መንትያ መንግሥታት ሆነው ወደባቸውን ለፖርቱጋሉም፣ ለእንግሊዙም፣ ለማላዩም ክፍት አድርገው ነበር። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ደግሞ ቅርንፉድና ገውዝን ብቻውን መሸጥ ፈለገ። በ1666 ጦርነት ተነሣ። ኩባንያው ያሸነፈው በራሱ ኃይል ብቻ አይደለም። የቦኔው የቡጊስ ሕዝብ መስፍን አሩንግ ፓላካ፣ ሕዝቡ በጎዋ ቀንበር ሥር ስለነበረ፣ ከሆላንዶቹ ጋር ተሰለፈ። በ1667 የቦንጋያ ውል ተፈረመ፣ በ1669 ደግሞ የጎዋ ዋና ምሽግ ሶምባ ኦፑ ወደቀ። የኩባንያው አዛዥ ኮርኔሊስ ስፔልማን የተረከበውን ምሽግ በትውልድ ከተማው በሮተርዳም ስም ሰየመው።

ይህን ታሪክ ይዘው ሲገቡ የሚያዩት ነገር ይለወጣል። የውስጥ ሕንጻዎቹ ቁልቁል የተንጋለለ ቀይ ጣሪያ ያላቸው የሆላንድ ቤቶች ናቸው፤ የውጭ ቅርጹ ግን ወደ ባሕር የሚሄድ ኤሊ ይመስላል ይባላል፣ የከተማው ሰውም የኤሊው ምሽግ ይለዋል። ቅርጹ የሚለየው ከግንቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ሲያዩት ስለሆነ በግቢው ብቻ ዞረው አይውጡ፣ ደረጃውን ወጥተው በግንቡ ላይ ይራመዱ። በግቢው ውስጥ ላ ጋሊጎ የተባለው ቤተ መዘክር አለ። ብዙ የኢንዶኔዥያ ቤተ መዘክሮች ሰኞ ይዘጋሉ፣ ዓርብ ደግሞ በጁምዓ ሰዓት ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከማክሰኞ እስከ ኀሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መሄድ ይሻላል። ከ5 ሰዓት በኋላ ግቢው ጥላ ስለሌለው ሙቀቱ ያደክማል።

ከ1825 እስከ 1830 በጃቫ የሆላንድን አገዛዝ የተዋጋው መስፍን ዲፖኔጎሮ በመጨረሻ የታሰረው በዚህ ምሽግ ነው። ጃንዋሪ 8 ቀን 1855 እዚሁ ማካሳር ሞተ። መቃብሩ በስሙ በተሰየመው ጎዳና ላይ ነው፤ ብዙ ጎብኚ ስለማይሄድበት ጸጥ ያለ ቦታ ነው። በምሽጉ ግቢ ውስጥ እንግሊዝኛ ለመለማመድ የሚፈልጉ ተማሪዎች ቀርበው ሊያነጋግሩዎ ይችላሉ። አስር ደቂቃ ቢሰጧቸው ከማንኛውም አስጎብኚ የተሻለ የከተማ መረጃ ያገኛሉ።

ከምሽጉ በስተደቡብ በእግር የሚደረስበት ሎሳሪ አለ። ስሙ የባሕር ዳርቻ ቢሆንም አሸዋም ዋናም የለም፤ የኮንክሪት መናፈሻ ነው፣ የከተማው ፍሳሽም ወደዚያው ባሕር ይገባል። የሚኬደው ለጀንበር መጥለቅ ነው። ከተማዋ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ግድም ነው፣ ፊት ለፊት በባሕሩ ላይ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይድረሱ። በባሕሩ ላይ በምሰሶ የቆመው የአሚሩል ሙክሚኒን መስጊድም እዚሁ ነው። ከባሕሩ በአፈር ሙሌት በወጣው አዲሱ መሬት ላይ ደግሞ ባለ 99 ጉልላቱ መስጊድ ይታያል። ሲመሽ ፒሳንግ ኤፔ ይብሉ፦ ያልበሰለ ሙዝ በከሰል ተጠብሶ፣ በሁለት ጣውላ መካከል ተጨፍልቆ፣ የዘንባባ ስኳር ሽሮፕ የሚፈስበት ነው።

ፓኦቴሬና ፒኒሲ

ከምሽጉ ወደ ሰሜን ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ የፓኦቴሬ ወደብ ይገኛል። እዚያ መድረስ ያለብዎ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ዓሣው በጨረታ የሚሸጠው ያን ጊዜ ነው፤ 3 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው የሚያገኘው እርጥብ ወለልና ሽታ ብቻ ነው። መሬቱ ያንሸራትታል፣ የተሸፈነ ጫማ ያድርጉ። ሠራተኞች በሩጫ ስለሚያልፉ መተላለፊያ ላይ ቆመው ፎቶ አያንሱ።

ከገበያው አጠገብ አፍንጫቸውን ወደ ላይ የቀሰሩ የእንጨት መርከቦች ተደርድረው ይቆማሉ። ብዙ ሰው እዚህ የሚመጣው ሸራ ለማየት ነው፤ የሚያገኘው ግን ሞተር የተገጠመላቸውና ወደ ደሴቶቹ ሸቀጥ የሚያመላልሱ መርከቦችን ነው። ቅር ሊለው አይገባም። ፒኒሲ የሚለው ስም በትክክል የሚያመለክተው ሁለት ምሰሶና በተለምዶ ሰባት ሸራ ያለውን አወቃቀር ነው፤ ቀፎውን የሚሠሩበት ጥበብ ግን በሞተር ዘመንም አልጠፋም። ዩኔስኮ በ2017 የመዘገበው ይህንኑ የመርከብ ሥራ ጥበብ ነው። አሠራሩ እኛ ከምንገምተው ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ አጽሙ ቆሞ ሳንቃ የሚለጠፍበት አይደለም፤ ከታችኛው ግንድ ተነሥተው ሳንቃውን በሳንቃ ላይ በእንጨት ችንካር እያያያዙ ቀፎውን ይሠሩና የውስጥ አጥንቱን በኋላ ያስገቡለታል። ቅርጹ ያለው በወረቀት ንድፍ ላይ ሳይሆን በዋናው አናጺ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ሥራውን ለማየት ወደ ቡሉኩምባ አውራጃ፣ ታና ቤሩ ወደተባለው መንደር መሄድ ያስፈልጋል። ከማካሳር በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መርከቦቹ በግልጥ በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ነው የሚሠሩት። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ አሥር ሰዓት መንገድ ነው፣ አይመከርም። ትንሽ አለፍ ብሎ በሚገኘው ነጭ አሸዋ ባለው ቢራ ማደር ይሻላል።

የድንጋዩ አገር

የማሮስና የፓንግኬፕ የኖራ ድንጋይ ተራሮች ለማካሳር ጎብኚ ትልቁ ነገር ናቸው ብለን እናምናለን፤ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ምሽጉን ትቶ ወደዚያ ቢሄድ አንከራከረውም። በ2023 ዩኔስኮ የዓለም ጂኦፓርክ ብሎ ተቀብሏቸዋል።

ድንጋዩ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ከባሕር ፍጥረታት ቅርፊትና ከኮራል በጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ ተከማችቶ የጠነከረ ነው። ምድሩ ወደ ላይ ሲነሣ ለዝናብ ተጋለጠ። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀላቀልበት ደካማ አሲድ ይሆናል፣ የኖራ ድንጋይን ያሟሟል። ውሃው በስንጥቆቹ እየገባ ሲያሰፋቸው አንድ የነበረው አምባ ተከፋፍሎ ቀጥ ያሉ ማማዎች ሆኑ። የወንዝና የረግረግ ውሃ ደግሞ የማማዎቹን እግር ከሥር ይበላዋል፣ ከላይ ያለው እየተገመሰ ይወድቃል፣ ግድግዳውም እንደ ተቆረጠ ይቀራል። በመካከላቸው ያለው ሜዳ ሩዝ ይዘራበታል። ዋሻዎቹም የዚሁ መሟሟት ውጤት ናቸው።

ራማንግ-ራማንግ ይህን በጀልባ የሚያዩበት ቦታ ነው። ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከማሮስ ከተማ አልፎ በሰሜኑ ዋና መንገድ ላይ ነው። ሁለት የጀልባ መሳፈሪያዎች አሉ፤ ረዘም ያለ የወንዝ ጉዞ የሚፈልግ ሰው ከዋናው መንገድ አጠገብ ካለው ከመጀመሪያው ይነሣ። ጀልባው በፑቴ ወንዝ ላይ፣ ግራና ቀኙን የኒፓ ዘንባባ ሸፍኖት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዞ ቤሩአ ወደተባለችው መንደር ያደርሳል። በድንጋይ ግድግዳ የተከበበች፣ ጥቂት ቤቶችና የሩዝ ማሳ ያሏት ስፍራ ናት። ክፍያው የሚቆረጠው በጀልባ እንጂ በሰው ስላልሆነ ብቻዎን ከሆኑ ሌላ ጎብኚ ጠብቆ መጋራት ይቻላል። ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። ስሙ በአገሬው ቋንቋ ከደመናና ከጉም ጋር የተያያዘ ነው፣ ጉሙም የሚታየው ማለዳ ነው። 1 ሰዓት ላይ ጀልባ ውስጥ መሆን አለብዎ፤ ይህም ማለት ከሆቴል በ11 ሰዓት ተኩል መነሣት ነው።

ከዚያ ወደ ማሮስ ተመልሰው ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ ሌአንግ-ሌአንግ ይገኛል። ሌአንግ ዋሻ ማለት ነው። ለጎብኚ የተከፈቱት ሁለቱ ዋሻዎች ፔታኤና ፔታ ኬሬ ናቸው። ወደ ሁለተኛው የሚወጣው በብረት ደረጃ ነው። ጠባቂ ሳይኖር አይገባም፣ መብራት ይዞ የሚያሳየውም እሱ ነው። የሚያዩት የእጅ ቅርጽና ባቢሩሳ የተባለው የሱላዌሲ የዱር አሳማ ሥዕል ነው። እጆቹ ቀለም ተነክሮ የታተመባቸው አይደሉም። ሰውየው መዳፉን በግድግዳው ላይ ለጥፎ ቀዩን የአፈር ቀለም ከአፉ ይረጭበታል፣ እጁን ሲያነሣ ዙሪያው ቀይ ሆኖ መሀሉ ባዶ ይቀራል።

ዕድሜያቸው እንዴት ታወቀ? የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ቀለሙ ራሱ ዕድሜውን አይናገርም። የሚናገረው በላዩ የተጋገረው ድንጋይ ነው። በዋሻው ግድግዳ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ከኖራው ድንጋይ ጥቂት ዩራኒየም አሟሙቶ ይዞ ይመጣል። ቶሪየም የተባለው ንጥረ ነገር ግን በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ ውሃው ደርቆ ፈንዲሻ የመሰለ የካልሳይት ቅርፊት ሲሠራ ቅርፊቱ ዩራኒየም አለው፣ ቶሪየም የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ዩራኒየሙ በሚታወቅ ፍጥነት ወደ ቶሪየም ይቀየራል። የሁለቱን መጠን የለካ ሰው ቅርፊቱ ከተፈጠረ ስንት ዓመት እንደሆነው ያውቃል። ቅርፊቱ ከቀለሙ በላይ ስለሆነ ሥዕሉ ከቅርፊቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ዜናዎች ላይ ከቁጥሩ በፊት ሁልጊዜ «ቢያንስ» የሚል ቃል የሚገባው ለዚህ ነው።

በዚህ ዘዴ በ2014 በሌአንግ ቲምፑሴንግ ያለ የእጅ ቅርጽ ቢያንስ 39,900 ዓመት ሆነው። በ2021 በሌአንግ ቴዶንግኔ የተገኘው 136 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አሳማ ቢያንስ 45,500 ዓመት፣ በ2024 ደግሞ በሌአንግ ካራምፑአንግ አሳማና ሦስት የሰው መሰል ቅርጾች ያሉበት ሥዕል ቢያንስ 51,200 ዓመት ተባሉ። እዚህ ላይ ብዙ ጎብኚ ይሳሳታል፦ እነዚህ ሦስቱ ሌአንግ-ሌአንግ መናፈሻ ውስጥ አይደሉም፣ ለተራ ጎብኚም የተከፈቱ አይደሉም። ፔታ ኬሬ ላይ ቆሞ «51 ሺህ ዓመት» ብሎ የሚያስጎበኝ ሰው ካጋጠመዎ ቁጥሩን ከሌላ ዋሻ እያመጣ ነው። ሥዕሎቹ የአንድ ባህል ዘመዳሞች መሆናቸው ግን ለዓይን ግልጽ ነው።

ሥዕሎቹ እየጠፉ ናቸው። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ጨው በእርጥበትና በድርቅ መፈራረቅ ክሪስታል እየሆነ ሲያብጥ የግድግዳውን ቆዳ ይልጠዋል፣ ከቆዳው ጋር ቀለሙ ይረግፋል። በአካባቢው የሲሚንቶ ፋብሪካዎችና የእብነ በረድ ማውጫዎችም አሉ፤ ፋብሪካና ዋሻ የሚፈልጉት ያንኑ ድንጋይ ነው። ጎብኚ በእጁ ሊያደርግ የሚችለው ግድግዳውን አለመንካት፣ ከዋሻው ወለል አቧራ አለማስነሣትና ብዙ ሆኖ በአንዴ አለመግባት ነው።

ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ ባንቲሙሩንግ ይመጣል፦ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሰፊ ፏፏቴ፣ ዋሻዎችና ቢራቢሮዎች። የእንግሊዙ የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ በ1857 ማሮስ ሰንብቶ ቢራቢሮ የሰበሰበው በዚህ ነው። ቅዳሜና እሑድ የማካሳር ቤተሰብ በሙሉ ሊዋኝ ስለሚመጣ ቢራቢሮም ጸጥታም የለም። በአዘቦት ቀን፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፏፏቴው በላይ ያለውን መንገድ ይዘው ቢሄዱ የማየት ዕድልዎ የተሻለ ነው። ለውጭ ዜጋ የመግቢያው ዋጋ ከአገሬው ሰው ብዙ እጥፍ ነው፤ የተወሰነ ታሪፍ ስለሆነ መከራከር አይጠቅምም። በር ላይ በመስታወት የታሸጉ ቢራቢሮዎች ይሸጣሉ። አይግዙ። ቁጥራቸውን ካመናመኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ንግድ ነው፣ ከመካከላቸውም በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቁ ትልልቅ ዝርያዎች ስላሉ ጉምሩክ ላይ ችግር ሊያመጡብዎ ይችላሉ።

ሦስቱን በአንድ ቀን ለማየት መኪና ከነሹፌሩ ለቀኑ ይከራዩ። እንደ ግራብና ጎጄክ ያሉት የስልክ ታክሲዎች ለመሄድ ይገኛሉ፣ ከገጠር ለመመለስ ግን ላይገኙ ይችላሉ። ራማንግ-ራማንግ የባቡር ጣቢያ አለው፤ መስመሩ ግን ማካሳር መሀል ከተማ አይደርስም፣ በቀን የሚሄዱት ባቡሮችም ጥቂት ናቸው። አንድ ጠቃሚ ነገር፦ የሱልጣን ሀሳኑዲን አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ በማሮስ በኩል ነው። በረራዎ ማታ ከሆነ ሻንጣውን መኪና ላይ ጭነው የማሮስን ጉብኝት በመጨረሻው ቀን ቢያደርጉት ከዋሻው ቀጥታ ወደ አውሮፕላን ይሄዳሉ።

ደሴቶቹ

ከከተማዋ ፊት ለፊት ስፔርሞንዴ የሚባሉ መቶ የሚያልፉ ትንንሽ ደሴቶች ተበትነዋል። ጀልባዎች የሚነሡት ከፎርት ሮተርዳም አካባቢ ካሉ መሳፈሪያዎች ነው። ሳማሎና ግማሽ ሰዓት ያህል ይርቃል፣ ኮዲንጋሬንግ ኬኬ ከዚያ ራቅ ይላል፣ ውሃውም የጠራ ነው። ላኤ ላኤ በጣም ቅርብ ነው፣ ለውሃው ንጽሕና ሲባል ግን አይመረጥም። ጀልባ የሚከራዩት ለደርሶ መልስ ስለሆነ የመመለሻውን ሰዓትና የሚጎበኙትን ደሴቶች ቁጥር አስቀድመው ይስማሙ፣ ሙሉውን ክፍያም ሲመለሱ ይስጡ። የሕይወት አድን ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ መኖሩን ሳያዩ አይነሡ። በደረቁም ወቅት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ 2 ሰዓት ላይ ወጥቶ 8 ሰዓት ሳይሆን መመለስ ይመረጣል።

ኮራሉ በብዙ ቦታ የተሰባበረ ነው፤ ለዓመታት በፈንጂ ዓሣ ይያዝበት ነበር። በአንዳንድ ደሴቶች ዙሪያ አሸዋ የተቀባ ባለ ስድስት ጎን የብረት ፍሬም ባሕሩ ወለል ላይ ተዘርግቶ የኮራል ቁራጭ እየታሰረበት እንደገና ሲበቅል ይታያል። ብረቱ የሚዘረጋው የተሰባበረው ፍርስራሽ በሞገድ እየተንከባለለ አዲሱን ኮራል እንዳይቆርጠው ለመከላከል ነው። አይቁሙበት። እሾሃማ የባሕር ፍጥረታት ስላሉም የውሃ ጫማ ያድርጉ።

ጎዋ

ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው የጎዋ ክፍል ግማሽ ቀን ይበቃዋል። የሶምባ ኦፑ ፍርስራሽ ሰፋፊ የጡብ ግድግዳዎች ቀርተውታል፤ በግቢው የተሠሩት ባህላዊ ቤቶች ብዙዎቹ አርጅተዋል። በሱንጉሚናሳ ባላ ሎምፖአ የተባለው በምሰሶ ላይ የቆመ የእንጨት ቤተ መንግሥት አለ። ካታንግካ አጠገብ በ1666ቱ ጦርነት ጎዋን የመራው የሱልጣን ሀሳኑዲን መቃብር ይገኛል። የካታንግካ መስጊድ በተለምዶ በ1603 ተሠራ ይባላል፤ ነገሥታቱ እስልምናን የተቀበሉት በ1605 ስለሆነ ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ነው።

ለአፍሪካ ሰው የሚቀርበው መቃብር ላኪዩንግ ያለው የሼክ ዩሱፍ ነው። የጎዋ ተወላጅ የሆኑት እኚህ የሃይማኖት አባት በጃቫ ሆላንዶችን ስለተዋጉ መጀመሪያ ወደ ሲሎን፣ በ1694 ወደ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ተግዘው በ1699 እዚያው አረፉ። በኬፕ ታውን አቅራቢያ ማካሳር የሚባል ቦታ አለ፣ በዚያም መቃብራቸው ይጎበኛል። ሁለቱም አገሮች «ሼክ ዩሱፍ የእኛ ናቸው» ይላሉ።

ምግብና ሰነድ

የከተማዋ ስመ ጥር ምግብ ኮቶ ነው፦ የበሬ ሥጋና የሆድ ዕቃ ከተፈጨ ለውዝ ጋር የሚበስልበት ወፍራም ሾርባ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ከበሰለ ሩዝ ጋር የሚቀርብ። ኮንሮ የጎድን አጥንት ነው። ጨጓራና ጉበት ለማይበላ ሰው ኮቶ ሲያዝ «ዳጊንግ» ብቻ፣ ማለትም ሥጋ ብቻ፣ ማለት ይበቃል። በጾም ወቅት የሚጓዝ ምእመን ቴምፔና ቶፉ የተባሉትን የአኩሪ አተር ምግቦችና በለውዝ ሶስ የሚቀርበውን አትክልት ያገኛል፤ ሆኖም ሳምባል በሚባለው የበርበሬ ድልህ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቴራሲ፣ የተብላላ የሽሪምፕ ድልህ፣ ስለሚገባበት መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአሜሪካና የአብዛኛው አውሮፓ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሲደርስ ለ30 ቀን የሚሆን ቪዛ በ500,000 ሩፒያ ያገኛል፣ አንድ ጊዜ ለተጨማሪ 30 ቀን ማራዘም ይችላል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ግን በዚህ ሳይተማመን አስቀድሞ በኢንዶኔዥያ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ያመልክት። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ተጓዥ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይያዝ፤ ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የተከተበ ሰው ችግር ይገጥመዋል።

ስለ ቶራጃ

ቶራጃ የማካሳር «ዙሪያ» አይደለም። የቶራጃዋ ከተማ ራንቴፓኦ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፣ አውቶቡስ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ከሦስት ሌሊት ባነሰ መሄድ ድካሙን አያካክስም። መኝታ ያላቸው የሌሊት አውቶቡሶች የሆቴል ወጪ ይቆጥባሉ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ የሚያቅለሸልሸው ሰው ከፊት በኩል ታችኛውን አልጋ ይያዝ። ታላላቆቹ የቀብር ሥነ ሥርዓቶች በብዛት የሚደረጉት በጁላይና በኦገስት ነው። እንግዳ ይገባል፣ ግን ከአገሬው ሰው ጋር፣ ጥቁር ወይም ደብዛዛ ልብስ ለብሶ፣ ለቤተሰቡ ስኳር ወይም ሲጋራ ይዞ። ጎሽ ይታረዳል፣ ደሙን ማየት የማይችል ሰው ከልጆቹ ጋር በመጀመሪያው የእንግዳ መቀበያ ቀን ብቻ ይገኝ። ከዚያ ተራራ የሚመጣው ቡና ዓረቢካ ነው፣ ዘሩ ከእኛ አገር የወጣ፤ ቆዳው የሚገፈፈው ፍሬው ገና እርጥብ ሳለ ስለሆነ ጣዕሙ ከይርጋ ጨፌ ይልቅ ከበድ ያለና አሲዱ ያነሰ ነው። ሲገዙ ያልተፈጨውን ይጠይቁ።